በጋሽ ታደለ ስም የሞላሁት መስመር

ባለፈው ወር መጨረሻ ላይ ቤተልሔም የምትባል ወጣት የሥራ ባልደረባዬ ስልኳን ይዛ ወደ ቢሮዬ ገባች። መሥሪያ ቤታችን ቦሌ መንገድ ላይ ካሉት የመስታወት ሕንፃዎች በአንዱ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ጠረጴዛዬ ላይ ያለው የውኃ ብርጭቆ ይንቀጠቀጣል። የዓመቱን የዕቅድ ስብሰባ ዘንድሮ ከከተማ ወጥተን፣ ተራራ ላይ ባለ አንድ ማረፊያ እንድናደርገው ተወስኗል። መጓጓዣውን፣ መኝታውንና የእግር ጉዞውን የምታሰናዳው ቤተልሔም ናት።

«እትዬ እሌኒ፣ ሁሉም ቅጹን ሞልተው ልከውልኛል» አለችኝ። ደስ ብሏታል። «የቀረው የእርስዎ ብቻ ነበር። በዚህ ላስቸግርዎት ብዬ ተሳቀቅሁና እኔው ሞላሁልዎት።»

ስልኩን ተቀብዬ አነበብኩ። ስሜ፣ የሥራ ኃላፊነቴ፣ የምበላውና የማልበላው በትክክል ሰፍሯል። የመጨረሻው ጥያቄ «የሚከታተሉት ሕመም ካለ ይግለጹ» ይላል። ከፊት ለፊቱ «የለም» ተብሎ ተጽፏል።

«ደም ግፊት አለብኝ» አልኳት። «መድኃኒት ስወስድ ሰባት ዓመቴ ነው።»

ልጅቷ ደነገጠች። «ውይ በስመ አብ! እኔ እኮ... እንዲህ ያለ ነገር እርስዎን እንዴት አድርጌ ልጠይቅ?»

«በአፍሽ» አልኳት። ለመቀለድ ሞክሬ ነበር፤ ድምፄ ግን እንዳሰብኩት አልወጣልኝም። ቤተልሔም ይቅርታ እየጠየቀች መስመሩን አስተካክላ ወጣች። እኔ የቀረውን ግማሽ ቀን ምንም ሥራ ሳልሠራ፣ በመስኮቱ የረር ተራራን ስመለከት ዋልኩ።

በሃያ አራት ዓመቴ እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። ልዩነቱ፣ እኔ የሞላሁላቸው ሰው ወረቀቱን አይተው «ኧረ አለብኝ» ለማለት ዕድል አለማግኘታቸው ነው።

በጂኦግራፊ ተመርቄ ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ያኔም ቦሌ መንገድ ላይ፣ በአንድ አነስተኛ የጥናት ድርጅት ውስጥ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ቦሌ እንደ ዛሬው በሕንፃ አልታጠረም፤ ከሦስተኛ ፎቅ መስኮታችን ሆነን የአውሮፕላኑ ጎማ መሬት ሲነካ እናይ ነበር። ድርጅታችን ከደብረ ብርሃን ወዲያ፣ ወደ መንዝ በሚያስገባው መንገድ ላይ ያሉትን ተራሮች አፈርና ምንጮች ሲያጠና ቆይቷል። የጥናቱ ውጤት የሚቀርብበት የሦስት ቀን ስብሰባ እዚያው ተራራው ላይ እንዲሆን ሥራ አስኪያጃችን አቶ ፍስሐ ወሰኑ፤ ዝግጅቱንም ለእኔ ሰጡኝ።

«ሃያ አንድ ሰው ነው» አሉኝ። «በደህና ወስደሽ በደህና የምትመልሺው አንቺ ነሽ። አንድ የጎደለ ነገር እንዳልሰማ።»

የጎደለ ነገር እኔም አልወድም። ከልጅነቴ ጀምሮ ባዶ ቦታ ያስጨንቀኛል፤ የማላውቀውን የፈተና ጥያቄ እንኳ ባዶ ትቼ ወጥቼ አላውቅም። ወዲያው ትልቅ ደብተር ገዛሁና ለመጓጓዣ፣ ለመኝታና ለእግር ጉዞ ከፋፈልኩት። መስከረም ሊያልቅ ሲል ደግሞ ቦታውን አስቀድሜ ለማየት ከሾፌራችን ከሰይድ ጋር ወጣሁ። ሰይድ የወሎ ልጅ ነው፤ ከእኔ ቢበልጥ አምስት ስድስት ዓመት ነው፤ መንገድ ላይ ዝም ማለት አይሆንለትም።

ማረፊያው ገደል አፋፍ ላይ ከድንጋይ የተሠሩ፣ ጓሳ ሣር የተከደኑ ጎጆዎች ነበሩት፤ ጠዋት ጠዋት ደመናው ከእግር በታች ተኝቶ ይታያል። የአልጋዎቹን ብዛት፣ የብርድ ልብሱን ውፍረት፣ ከወጥ ቤቱ እስከ አዳራሹ ያለውን ርቀት ጻፍኩ። ከሌሎቹ ተለይታ ከፍ ብላ ወደተቀመጠችው ጎጆ የሚያወጣውን የድንጋይ ደረጃ ሳይቀር ቆጠርኩ፤ ኀምሳ ስምንት ነው። ከሁሉም ያማረ እይታ ያላት እሷ ስለሆነች፣ በዕድሜና በክብር ለሚበልጠው እንግዳ መደብኳት። ከማረፊያው እስከ ትልቁ ምንጭ ያለውን መንገድ ደግሞ ሰዓት ይዤ በእግሬ ሄድኩት፤ አንድ ሰዓት ከሩብ ወሰደብኝ።

«እሌኒ፣ ዝናቡ የሚዘንብበትንስ ሰዓት ጽፈሽዋል?» አለኝ ሰይድ፣ ከኋላዬ እያለከለከ።

«ጥቅምት ላይ አይዘንብም።»

«ወላሂ፣ እሱንም ጽፈሻል!»

ሰይድ በዚያ ዕድሜው እንዲያ ማለክለኩን ግን በደብተሬ ላይ አላሰፈርኩም።

ስመለስ ለተሳታፊዎቹ የሚላክ ቅጽ አዘጋጀሁ። አምስት ጥያቄ ነበረው፤ የመጨረሻው የሚከታተሉት ሕመም መኖር አለመኖሩን ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ በድርጅታችን የተለመደ አልነበረም፤ ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ኮርቼበትም ነበር። ሃያ ቅጽ በፋክስና በመልእክተኛ ተልኮ ሃያውም ተሞልቶ ተመለሰ። የቀረው የጋሽ ታደለ ነበር።

ጋሽ ታደለ ጡረታ የወጡ ቀያሽ ናቸው። እነዚያን ተራሮች በወጣትነታቸው በበቅሎ ዞረው፣ ምንጩን አንድ በአንድ በካርታ ላይ ያሰፈሩት እሳቸው ነበሩ፤ አቶ ፍስሐም ሥራ የጀመሩት በእሳቸው ሥር ነው። የስብሰባው የክብር እንግዳ ናቸው። ለእንዲህ ያለ ሰው ጥሪ በመልእክተኛ አይላክምና፣ ደብዳቤውንም ቅጹንም ይዤ ጉርድ ሾላ ወዳለው ቤታቸው ራሴ ሄድኩ። የሠፈሩ መንገድ የክረምቱን ጭቃ ገና አልጨረሰም ነበር፤ ጫማዬን በራቸው ሥር ባለው ሣር ጠርጌ ገባሁ።

ስገባ ብድግ ብለው ቆሙ። እኔ ልጃቸው የምሆን፣ እሳቸው ተነሥተው ሲቀበሉኝ መግቢያ ጠፋኝ። ቁመታቸው የበሩን መቃን ሊነካ ምንም አልቀረው፤ ቤታቸው ውስጥ ተቀምጠው እንኳ ክራባት አስረዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ አልማዝ ለቅሶ ሄደው ስለነበር፣ ጦስኝ የተጣለበትን ሻይ ከፔርሙዝ ራሳቸው ቀዱልኝ፤ ድፎ ዳቦውንም ራሳቸው ቆረሱልኝ።

«በየት በኩል ነው የምታወጪን?» አሉኝ።

«በጅብራው መስክ በኩል፣ እስከ ትልቁ ምንጭ።»

«ጎሽ! እኔ ያን ምንጭ ወረቀት ላይ ያሰፈርኩ ዕለት እንኳን አንቺ፣ አባትሽም ሱሪ አልታጠቀም ይሆናል። ውኃው ጥርስ ያደነዝዛል። ዳግመኛ አየዋለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር።»

ቅጹ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። እጄን ሁለት ጊዜ ሰደድኩ፤ ሁለት ጊዜም ባዶውን መለስኩት። ታላቅ ሰው ፊት ተቀምጬ፣ በእጃቸው የቆረሱልኝን ዳቦ እየበላሁ፣ «ሕመም አለብዎት ወይ?» ማለት ዕድሜዎ ስንት ቀረው ብሎ እንደ መጠየቅ ሆነብኝ። እንዲህ ያለውን ነገር ሐኪም ይጠይቃል፤ የወለዱት ልጅ ይጠይቃል። እኔ ማን ነኝ?

«ሌላ የምትጠይቂኝ ነገር አለ?» አሉኝ ጋሽ ታደለ።

«ኧረ የለም፣ ጋሽ ታደለ።»

ጥቂት አዩኝ። ከዚያ ሻያቸውን ጠጥተው ጨረሱ።

በማግስቱ አቶ ፍስሐ በቢሮዬ በር ብቅ ብለው «ቅጹ ሁሉ ተሟላ?» አሉኝ። ሃያ አንደኛው ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ባዶውን ተቀምጧል። «ዛሬ ይሟላል» አልኩና እሳቸው ሲሄዱ እስክሪብቶዬን አነሣሁ። ስማቸውንና አድራሻቸውን ጻፍኩ። ይጾማሉ ብዬ ገመትኩ፤ የጫማቸውን ቁጥርም ገመትኩ። የመጨረሻው መስመር ላይ ስደርስ ለአፍታ ቆሜ፣ በዚያው በተለመደው ንጹሕ የእጅ ጽሑፌ «የለም» ብዬ ጻፍኩ።

ይህን መስመር ባዶ ትቼው ቢሆን ኖሮ አንድ ሰው ለምን አልተሞላም ብሎ ይጠይቅ ነበር። ለብዙ ዓመታት የከነከነኝ ይህ ነው። ያልተሞላ ወረቀት አቶ ፍስሐን ስልክ ያስደውላቸው ነበር። የእኔ «የለም» ግን ሁሉንም አሳረፈ፤ እኔንም ጨምሮ።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ አንድ አውቶቡስና ሰይድ የሚነዳት የድርጅቱ መኪና ተከታትለው ከቦሌ ተነሡ። ጋሽ ታደለን ለመውሰድ ጉርድ ሾላ ስንቆም ወይዘሮ አልማዝ ነጠላቸውን ተከናንበው በር ላይ ቆመዋል። አጭር፣ ፈጣን ሴት ናቸው። የባላቸውን አንገት ልብስ አስተካከሉና አንዲት ትንሽ የቆዳ ቦርሳ አስያዟቸው።

«ታደለ፣ ቃልህን!» አሏቸው።

«ሰምቻለሁ እኮ፣ አልማዜ።»

ከዚያ ወደ አውቶቡሱ መስኮት ጠጋ ብለው ወደ እኔ አንጋጠጡ። «የኔ ልጅ፣ ኃላፊዋ አንቺ ነሽ አሉ። ይኼን ሰውዬ ጠይቂው እሺ? ካልጠየቁት አይናገርም።»

ስለ ባላቸው ዝምተኝነት የሚቀልዱ መስሎኝ ሳቅሁ። «እሺ፣ እጠይቃቸዋለሁ» አልኩ። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሣ።

ዛሬ የምኖርበት አያት ያኔ በአብዛኛው የጤፍ ማሳ ነበር፤ ጤፉ ገና አረንጓዴ ሆኖ በነፋሱ ይተኛል። ከለገጣፎ ወዲያ ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ ይገባ ጀመር፤ ሰንዳፋንና ሸኖን ስናልፍ የገብሱ ማሳ ቢጫ ሆኗል። ደብረ ብርሃን ላይ ቅቤው የሚያብረቀርቅ የገብስ ቂጣ ፍርፍር በላን። ጋሽ ታደለ ትንሽ ነው የቀመሱት። በየመንገዱ ድልድዩን፣ ጅረቱን፣ ጉብታውን በስሙ እየጠሩ ያስተዋውቁን ነበር። እኔም እያንዳንዱን ስም ጻፍኩ።

ማረፊያው ስንደርስ ከኀምሳ ስምንቱ ደረጃ በአሥራ አምስተኛው ላይ ቆሙ። በሠላሳኛውም ቆሙ። ከኋላቸው ቦርሳዬን ይዤ ስጠብቅ ዞር ሳይሉ «ይህን የመሰለ አገር በሩጫ አያልፉትም» አሉ። የመረጥኩላቸው እይታ ስለማረካቸው ደስ አለኝ። ትንፋሻቸውን ሰምቼዋለሁ፤ ግን አላዳመጥኩትም።

የእግር ጉዞው በሁለተኛው ቀን ጠዋት ነበር። በመርሐ ግብሩ ላይ «ጉዞውን የሚመሩት ጋሽ ታደለ» ብዬ አሳትሜ ለሁሉም አድያለሁ። ክብር መስሎኝ ነው። ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው። ታላቅ ሰው ከፊት እየሄደ ማንም ቀድሞ አያልፍምና፣ ሃያ ሰው በቀጭኗ መንገድ ከኋላቸው ተሰለፈ። እሳቸው ደግሞ ያ ሁሉ ሰው ከኋላ ሲከተላቸው ቀስ ማለት አፈሩ። እኛ እንዳንቀድማቸው ስንጠነቀቅ እሳቸው እንዳያስጠብቁን ይፈጥናሉ፤ ሲፈጥኑ እኛ «አይ ጋሽ ታደለ፣ ጉልበታቸው እኮ የወጣት ነው!» እያልን እናደንቃለን። ከሚያደንቁት አንዷ እኔ ነበርኩ። ሰዓቴን አየሁ። በሃያ አራት ዓመት እግሬ ከመዘገብኩት ጊዜ አሥር ደቂቃ ቀድመን ነበር።

ውርጩ ገና ሣሩ ላይ ነጭ ነው። ጅብራዎቹ፣ እነዚያ ራሳቸው ላይ ቅጠል እንደ ጃንጥላ የዘረጉ የደጋ ተክሎች፣ ግራና ቀኝ ቆመዋል። ምንጩ ሊታይ አንድ አቀበት ሲቀረው ጋሽ ታደለ ቆሙ፤ ከዚያ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ጫማዬ ነው» አሉ። «ጠጠር ገብቶበት ነው።»

እጃቸው ግን ወደ ጫማቸው አልወረደም፤ ደረታቸው ላይ ነበር። በዚያ ብርድ ግንባራቸው ላብ አውጥቷል፤ ከንፈራቸው አመድ መስሏል። አቶ ፍስሐ ከኋላ ሮጠው መጡ።

«እሌኒ! ቅጹን! ሰውዬው የሚታመሙት ነገር አለ?»

አቃፊውን ከፈትኩ። ሃያ አንደኛውን ወረቀት አወጣሁ። የራሴን ጽሑፍ ለራሴ አነበብኩ።

«የለም ነው የሚለው።»

አቶ ፍስሐ ፊታቸው ተፈታ። «እግዚአብሔር ይመስገን! እንግዲያው ብርድና ድካም ነው። ጋቢ አምጡ። ትኩስ ነገር ስጧቸው፣ ይረፉ።»

ስለዚህ ጠበቅን። ጋቢ ደረብንላቸው፣ ከፔርሙዝ ሻይ ቀዳንላቸው፣ አንድ ሰው እግራቸውን አሸላቸው። ወደ አርባ ደቂቃ ያህል እንዲህ ሆንን። እኔ አቃፊውን በደረቴ አቅፌ ቆሜያለሁ። «አልጠየቅኋቸውም» ለማለት አፌን እከፍታለሁ፤ አሁን ምን ይጠቅማል እላለሁ፤ እዘጋለሁ። ምን ይጠቅም እንደነበር ዛሬ አውቃለሁ። የልብ መድኃኒታቸው በትንሿ የቆዳ ቦርሳ ውስጥ፣ ጎጆዋ አልጋ ላይ ተቀምጦ ነበር። ወረቀቱ «የለም» ስላለ ቦርሳውን ማየት ማንም አላሰበም።

ነገሩን የቆረጠው ስንቅ የጫነችውን በቅሎ የሚነዳው የአገሬው ሰው ነው። ቀረብ ብሎ የጋሽ ታደለን ፊት አየና እኛን ሁሉ ተቆጣን።

«ኧረ በማርያም! ይኼ ብርድ ነው? ወንድሜ እንዲህ ላብ አስምጦት ነው በእጄ ላይ ያለፈ! ምን ቆማችሁ ታያላችሁ? ጭነቱን አውርዱና አንሡልኝ!»

ግራና ቀኝ ደግፈናቸው በበቅሎዋ ወረዱ። ሰይድ ከጎጆዋ ቦርሳቸውን አንሥቶ መኪናውን አዙሮ ጠበቀን። አቶ ፍስሐ ከፊት ተቀመጡ፤ እኔ ከኋላ ሆኜ የጋሽ ታደለን ራስ ጉልበቴ ላይ አሳረፍኩ። ደብረ ብርሃን ድረስ ሰይድ አንድ ቃል አልተናገረም። ከሁሉም ያስፈራኝ እሱ ነው።

መንገዱ ላይ ጋሽ ታደለ ዓይናቸውን ገለጡ። «ከቦርሳዬ... ትንሿን ጠርሙስ» አሉኝ በሹክሹክታ። አገኘኋት። ላይዋ ላይ «ለልብ፤ ከምላስ ሥር» ተብሎ በእጅ ተጽፎ ተለጥፎባታል፤ የወይዘሮ አልማዝ ጽሑፍ መሆን አለበት። ኪኒኗን ከምላሳቸው ሥር ሳኖር ጣቶቼ ጥርሳቸውን ነኩ። እሳቸው አዩኝ። አሁን ሁለታችንም እናውቃለን።

ሆስፒታሉ ውስጥ የተቀበለን ወጣት ሐኪም ተቆጣ። «የልብ ሕመምተኛ ሽማግሌ እዚያ ተራራ ላይ ማን ነው ያወጣቸው?»

«ቅጽ አስሞልተን ነበር» አሉ አቶ ፍስሐ። «የለም ነው የተባልነው።» ወደ እኔ ዞሩ። «እሌኒ፣ ጠይቀሻቸዋል አይደል?»

መልሱን አፌ ላይ አድርሼው ነበር ብዬ ራሴን ሳጽናና ኖሬያለሁ። አድርሼው እንደነበር እርግጠኛ አይደለሁም። ከአልጋው ላይ፣ በኦክሲጅኑ ጭምብል ሥር፣ የጋሽ ታደለ ድምፅ ቀደመኝ።

«ጠይቃኛለች። የለም ያልኳት እኔ ነኝ። ልጅቷን ተዋት፣ ፍስሐ።»

በማግስቱ ጠዋት ወይዘሮ አልማዝ ከአዲስ አበባ ደረሱ። ወደ ክፍሉ ከመግባታቸው በፊት ኮሪደሩ ላይ እጄን ያዙ። ተቆጥተው አልነበረም፤ ማወቅ ነበር የፈለጉት።

«ጠይቀሽው ነበር?»

«ጠይቄያቸው ነበር» አልኩ። በሕይወቴ ሳልናገር ያለፍኩት ብዙ ነው፤ ሰው ዓይን ውስጥ እያየሁ የዋሸሁት ግን ያን ዕለት ነው።

ገቡ። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ።

«ቅጽ ይሞላል፣ እሱ ላይ እጽፈዋለሁ ብለህ ቃል ገብተህልኝ ነበር። እንዲህ ብለህ ነው ያስፈቀድከኝ።»

«ገብቼ ነበር፣ አልማዜ። ይቅር በይኝ።»

የወይዘሮ አልማዝን መልስ ጠበቅሁ። የሰማሁት ወንበር ሲጎተት ብቻ ነው።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነበር። ጋሽ ታደለ ቅጽ መኖሩን ከአቶ ፍስሐ በስልክ ሰምተዋል። ቤታቸው ሄጄ «ሌላ የምትጠይቂኝ ነገር አለ?» ሲሉኝ እየጠበቁት ነበር። እኔ ሳላወጣው ስቀር፣ ተራራው ላይ ይሰጡኛል ብለው ተስፋ አደረጉ። እዚያም ሳይሰጧቸው ሲቀር፣ የክብር እንግዳ ሆነው፣ ስማቸው ታትሞ፣ ሃያ ሰው ከኋላቸው ተሰልፎ፣ ራሳቸው አፍ አውጥተው «ልቤን ያመኛል» ማለት ከበዳቸው። እኔ ለመጠየቅ አፈርኩ፤ እሳቸው ሳይጠየቁ ለመናገር አፈሩ።

ጋሽ ታደለ ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ኖሩ። እኔም በየበዓሉ ጉርድ ሾላ እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር። ቤቱ ግን የቀድሞው ቤት አልነበረም። ወይዘሮ አልማዝ ባላቸው የሚሉትን ነገር አያምኑም። መድኃኒቱን በሰጡ ቁጥር «እስቲ አፍህን ክፈት» ይሏቸዋል። ያ የበሩን መቃን የሚያህል ሰው፣ ክራባቱን እንዳሰረ፣ እንግዳ ፊት አፉን ይከፍታል። አንድ ፋሲካ ላይ እኔ ባለሁበት እንዲሁ ሆነ። አፋቸውን ከፍተው በባለቤታቸው ትከሻ አሻግረው ወደ እኔ ተመለከቱ። ወቀሳ አልነበረበትም። ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

ያን ዕለት በረንዳው ላይ ለብቻችን ስንሆን ጀመርኩት። «ጋሽ ታደለ፣ ያን ወረቀት እኮ...»

«ተይው» አሉኝ። «አንቺ ገና ሥራ መጀመርሽ ነበር። እኔስ አፍ አልነበረኝም?»

«ወይዘሮ አልማዝ ግን—»

«ለአልማዝ እኔ አለሁላት።»

ይህን እንደ ፈቃድ ወሰድኩት። ካረፉም በኋላ፣ የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ወይዘሮ አልማዝ «ደግ ሰው ነበር፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የዋሸኝ» ብለው ሲያለቅሱ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። አብሬ አለቀስኩ። አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ጋሽ ታደለ ከልክለውኛል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። የሞተ ሰው ቃል አይጣስም አልኩ። ከዚያም ዓመታት አለፉ።

ቤተልሔም ቅጹን ባሳየችኝ ሳምንት ቅዳሜ፣ ከአያት ባቡር ይዤ ጉርድ ሾላ ወረድኩ። ወይዘሮ አልማዝ አሁን ሰማንያውን አልፈዋል። ዓይናቸው ደክሟል፤ አእምሯቸው ግን እንዳለ ነው።

«እሌኒ ነሽ? ዛሬ በዓልም አይደል፣ ምን እግር ጣለሽ?»

ተቀምጬ ነገርኳቸው። ጋሽ ታደለን አልጠየቅኋቸውም ነበር አልኩ። «የለም» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ በራሴ እጅ፣ ቢሮዬ ተቀምጬ። ኮሪደሩ ላይ የነገርኩዎትም ውሸት ነው። እሳቸው አልዋሹዎትም። ልናገር ያሰብኩትን ባቡሩ ላይ በቅደም ተከተል አዘጋጅቼው ነበር፤ ሲወጣ ግን እንደ መጣለት ወጣ።

ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል።

«ታዲያ ለምንድነው ይቅር በይኝ ያለኝ?»

«ስለ እኔ ብለው ነው። ሥራዬን እንዳላጣ።»

እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣመሩ። «እኔ እኮ ይቅር አላልኩትም» አሉ። «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አፉን ሳስከፍተው ኖርኩ። ይቅር ብዬሃለሁ ግን አላልኩትም።»

ጉልበታቸው ላይ ልወድቅ ስነሣ በእጃቸው አገዱኝ። «ተቀመጪ። ለእሱ ያልሰጠሁትን ላንቺ ከየት አምጥቼ ልስጥሽ?» ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። «ስለዚያ ተራራ ሊነግረኝ ሲጀምር ዝም በል እለው ነበር። አንድም ቀን አስጨርሼው አላውቅም። ከፊት ነበር የሚሄደው?»

«ከፊት ነበሩ። ሃያ ሰው ከኋላቸው።»

«ንገሪኝ።»

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። በዚህ ዕድሜዬ አንድ ነገር ለመረዳት እየሞከርኩ ነው። ያን ቀን ጋሽ ታደለን ያከበርኩ መስሎኝ የጠበቅሁት የራሴን ፊት ነበር፤ እንዳልቀላ፣ እንዳላፍር፣ ያላደግሁ እንዳልባል። ለቤተልሔም ይህን ልነግራት አስቤ ነበር፤ እስካሁን አልነገርኳትም። ወይዘሮ አልማዝም ይቅር ብለውኝ እንደሆነ አላውቅም። የሚፈልጉት መንገዱን ብቻ ነው። ውርጩን፣ ቢጫውን ገብስ፣ ስሙን የጠሩትን ጅረት ሁሉ እየቆጠርኩ እነግራቸዋለሁ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። ባላቸው በጅብራዎቹ መካከል ሰው ሁሉ እያደነቃቸው ሽቅብ ወደሚወጡበት ስደርስ፣ የመጨረሻው አቀበት ሳይጀመር፣ እጃቸውን ከፍ ያደርጋሉ።

«እዚያ ላይ አቁሚ» ይሉኛል።

አቆማለሁ።